ሁለተኛ ጥምቀት

በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ጠረጴዛዬ ላይ፣ በገዛ እጄ የጋገርኩትን ኅብስት ተከለከልኩ። የከለከሉኝ ቀበሌዎች ቢሆኑ ባልደነቀኝ፤ እነሱማ ቤተ ክርስቲያናችንን አሽገው ቁልፉን ይዘው ከሄዱ ቆይተዋል። የከለከሉኝ ኦቦ ቀንዓ ናቸው፤ በሕፃንነቴ ስጠመቅ አቅፈውኝ የቆሙት የክርስትና አባቴ።

ነገሩን ከሥሩ ልናገር። አምቦ ከገበያው በላይ ልብስ ሰፊ ነኝ። ቤተ ክርስቲያኑ ታሽጎ ቄስ ዓብዲሳ ሲታሰሩ፣ ሰዎች "ጴንጤ" የሚሉን እኛ በየቤቱ እየተደበቅን መጸለይ ጀመርን። የሰፈራችን ምዕመናን የእኔን ቤት የመረጡት በስፌት መኪናዬ ምክንያት ነው። አርጅታለች፤ ስትረገጥ ጎረቤት ጆሮውን ይይዛል። አንድ ሰው ቁርጥራጭ ጨርቅ አስገብቶ ይረግጣል፣ ሌላው ይጸልያል፣ መንገደኛው "ባየሽ ዛሬም ሥራ በዝቶባታል" ብሎ ያልፋል። ብዙ ጊዜ የምትረግጠው ጤና ረዳቷ ድንቅቱ ነበረች። እግሯ ብርቱ ነው፤ መርፌ በሰበረች ቁጥር ግን ነፍሴ ልትወጣ ትደርሳለች።

ያን ዓመት ክረምቱ ሲወጣ የተማሪዎች ዩኒፎርም ልለካ ጉደር ሄድኩ። እዚያ ያገኘኋቸው ወጣት አማኞች "ሕፃን ሆነሽ የተጠመቅሽው አምነሽ አይደለም፤ መጀመሪያ ማመን ነው፣ ከዚያ መጠመቅ" አሉኝ። ስከራከራቸው አመሸሁ። በማግስቱ ማለዳ ወንዙ ውስጥ ገባሁ።

እኔ እስከዚያ ቀን ፈሪ ነበርኩ። የቀበሌው አብዮት ጥበቃ ጠመንጃውን አንግቶ በደጄ ባለፈ ቁጥር መቀሴን ጥዬ ጓዳ እገባ ነበር። ከውሃው ስወጣ ፍርሃቱ አብሮኝ አልወጣም። ሌላው ትርጓሜ ይቅርብኝ፤ የሆነልኝን ግን አውቃለሁ።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ አምቦ ገባ። ኦቦ ቀንዓና ሌሎቹ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ የጉደሩ ጥምቀት ስህተት ነበር ብዬ በምዕመናን ፊት እስክናገር ድረስ ከቅዱስ ቁርባን እንድታገድ ወሰኑ። ደሜ ፈላ። በቀጥታ ኦቦ ቀንዓ ቤት ሄድኩ።

"ለመሆኑ እርስዎን ማን ሾምዎት?" አልኳቸው ገና ሳልቀመጥ። "ቄስ አይደሉ፤ ቁርባን ግን ያቀብላሉ።"

"ቄስ ዓብዲሳ ሲወሰዱ አደራ ብለውኛል። የችግር ጊዜ ባይሆን እጄም አይነካው" አሉ ረጋ ብለው። "አንቺንስ ወንዝ ግቢ ያለሽ ማነው?"

"መጽሐፉ!"

"መጽሐፉን እኔም አነባለሁ፣ ኢንተላ ኮ።" ልጄ ማለታቸው ነው፤ እንደዚያ ሲሉኝ አልወድም፣ አንጀቴን ይበሉታል። "ጥምቀት አንዲት ናት ይላል። ሁለተኛ ተጠመቅሁ ካልሽ የመጀመሪያው ምን ሊባል ነው? አንቺን አቅፌ የቆምኩ ዕለት... ምን ነበር ያቀፍኩት?"

ድምፃቸው ተሰበረ። እኔ ደግሞ አንጀቴ ሲበላ ይብስብኛል። "ያን ቀን ያመኑት እርስዎ ነዎት፤ እኔ ሳለቅስ ነበርኩ" ብያቸው ወጣሁ።

የቁርባኑ ቀን ቅዳሜ ዋለ። ቅዳሜ ገበያ ስለሆነ ማን ከማን ቤት ገባ ብሎ የሚያስተውል የለም። ታግጃለሁ ብዬ ሥራዬን አልተውኩም፤ ኅብስቱን ጋገርኩ፣ ዘቢቡን ጨመቅኩ፣ ጠረጴዛውን ነጭ ጨርቅ አለበስኩ። በልቤ ግን፣ ፊት ለፊቴ ቆመው ሊነፍጉኝ አይጨክኑም እያልኩ ነበር።

ድንቅቱ እንደ ልማዷ ወደ መኪናዋ ስትሄድ ኦቦ ቀንዓ በእጃቸው አገዷት። "ድንቅቱ ትቀበላለች። ዛሬ ባየሽ ትርገጥ።"

ፊቴ በርበሬ ሆነ። ተቀመጥኩና ረገጥኩ። እነሱ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ጠረጴዛዬን ከበቡ። ኦቦ ቀንዓ ኅብስቱን አንስተው የጌታን ቃል ሲጀምሩ፣ የእኔ መኪና ድምፃቸውን እየሸፈነችላቸው፣ እኔ ለእነሱ ድግስ በር ጠባቂ ሆኜ መቅረቴ አልዋጥልህ አለኝ።

እግሬን አነሳሁ።

ቤቱ ጭር አለ። የሽማግሌው ድምፅ ብቻውን፣ ራቁቱን ቀረ። ድንቅቱ ዞራ "ባየሽ! መኪናዋን!" አለች በሹክሹክታ።

"ደከመኝ" አልኩ።

ኦቦ ቀንዓ ቀና ብለው አዩኝ። ዝም ይላሉ፣ ወይ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ ብዬ ነበር። አላደረጉትም። ግትር ሽማግሌ! ቃሉን በዚያው ድምፅ እስከ መጨረሻው አሉት። ከአፋቸው እንደ ወጣ በሩ ተንኳኳ።

ድንቅቱ የካኪ ጨርቅ ብድግ አድርጋ በኅብስቱና በጽዋው ላይ ጣለችበት። በሩን ከፈትኩ። ተሻለ የሚባለው አብዮት ጥበቃ ነው።

"ምን ስብሰባ ነው?" አለ፣ እያንዳንዱን ሰው በዓይኑ እየቆጠረ።

"የምን ስብሰባ፣ ልኬት ነው እንጂ። የቦጂያ ልጅ ልታገባ ነው፤ ቤተ ዘመዱ ሁሉ ልብስ ያሰፋል።" ከጠረጴዛው ጥግ የቆመው ቦጂያ፣ ሴት ልጁ ገና ፊደል የምትቆጥረው ገበሬ፣ ራሱን ነቀነቀ።

"ስብከት የሰማሁ መሰለኝ።"

"ሽማግሌ ሲያወራ ስብከት ይመስላል።"

አልሳቀም። ወደ ኦቦ ቀንዓ ዞረ። እሳቸው እንደማይዋሹ አምቦ በሙሉ ያውቃል። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ቀበሌ ጠርቷቸው "አሁንም ይጸልያሉ?" ሲላቸው "አዎ" ብለው ታስረው ነበር።

"ኦቦ ቀንዓ፣ እርስዎ ይንገሩኝ። ለምን መጡ?"

ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ የልጆች ወላጅ ነው፤ አንዷ እርጉዝ ናት። ሽማግሌው እርጉዟን አዩ።

"ኮት ልለካ" አሉ። ከዚያም እጃቸውን ዘረጉልኝ።

ሜትሬን ከአንገቴ አውርጄ በደረታቸው ዙሪያ አዞርኩ። ሰውነታቸው አልቋል፤ የጎድን አጥንታቸውን አንድ በአንድ ነካሁት። ልባቸው በሸሚዙ ሥር ይደልቃል። ልኬቱን ጮክ ብዬ ጠራሁ፤ ስንት እንዳልኩ እግዜር ይወቀው።

"ሰፋ አድርጊላቸው፣ ብርድ ነው" አለ ተሻለና ወጣ።

የእግሩ ኮቴ ራቀ። በእኔ ላይ ይጮሃሉ ብዬ ስጠብቅ፣ ኦቦ ቀንዓ ወደ ምዕመናኑ ዞሩ። "በፊታችሁ ዋሽቻለሁ። በዚህ አፍ ቁርባን ላቀብላችሁ አልችልም። ይቅር በሉኝ።"

"ለእኛ ብለው እኮ ነው!" አለ ቦጂያ።

"ለእናንተ ብዬ ነው። ቢሆንም ውሸት ነው።"

ይቅር አሏቸው። እኔም ተነሳሁ። "እኔም ዋሽቻለሁ። መኪናዋንም ያቆምኳት ደክሞኝ አይደለም፤ ተናድጄ ነው። ላስበላችሁ ነበር። ይቅር በሉኝ።" እኔንም ይቅር አሉኝ። ድንቅቱ እያለቀሰች "እንግዲህ ይስጧት፣ ኦቦ ቀንዓ!" አለች።

ኅብስቱን ይዘው ወደ እኔ መጡ። በጣም ቀረቡኝ። "የወንዙስ?" አሉኝ ዝግ ባለ ድምፅ። ፈረዱብኝ እንዳልል፣ ዓይናቸው ይለምነኝ ነበር።

ሁለት ቃል ነው፤ ስህተት ነበር ማለት። ለተሻለ ዓይኔን ሳላሽ ዋሽቼ የለ? አፌን ከፈትኩ።

"አልችልም፣ አባባ። እሱ ውሸት አልነበረም።"

ራሳቸውን ነቀነቁና ተመለሱ። ለሁሉም አቀበሉ። በመጨረሻ ሳህኑ ላይ አንድ ቁራሽ ቀረ፤ የራሳቸው። በጨርቁ ሸፈኑት።

"እርስዎስ?" አለ ቦጂያ።

"እግዱን የወሰንነው አንድ ላይ ነው፤ ብቻዬን ልፈታው ሥልጣን የለኝም። የራሴን ብተው ግን የሚከለክለኝ የለም።"

"ምን ዓይነት ነገር ነው!" ብዬ ጮህኩ፣ ጎረቤት እንደሚሰማ ረስቼ። "እንዲህ አድርገው ሊያስጎነብሱኝ ነው?"

"አይደለም፣ ኢንተላ ኮ። ብትጎነበሺማ አላምንሽም።" ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ። "አንቺ ሳትበዪ አልወርድልህ ቢለኝ ነው።"

ከዚያ በኋላ እስኪያርፉ ድረስ በየጊዜው ቤቴ እየመጡ ለሰው ሁሉ አቀበሉ፤ እሳቸው ግን አንድ ቀንም አልቀመሱም። እኔም ስህተት ነበር አላልኩም። ቀብራቸው ላይ ሰዎች በለቅሶዬ ብዛት ልጃቸው መስያቸው ያጽናኑኝ ነበር፤ አይደለሁም አላልኳቸውም።