ቆብ የደበቀው ቅንድብ

ተለማማጁ ቀዶ ሐኪም ቢላ ሲይዝ የሚያየው የበሽተኛውን ሆድ ሳይሆን የአለቃውን የጋሼን ቅንድብ ነበር። ወፍ ጎጆ የምትሠራበት የሚመስለው ቅንድብ ከተነሣ ያቆማል፤ ከወረደ ይቆርጣል። ከነገ ጀምሮ ግን ብቻውን ተረኛ ነው።

ዛሬ ጋሼ ቆባቸውን እስከ ዐይናቸው ደፍተው ገቡ። ያበጠው ትርፍ አንጀት ከደህናው አንጀት ጋር ተጣብቆ ሲያገኘው ተለማማጁ ቀና አለ። ቅንድብ የለም!

«ጋሼ፣ ልቁረጠው?»

«እኔ ምን አገባኝ? ዛሬ ዕቃ አቀባይ ነኝ።»

ተለማማጁ ጎንበስ ብሎ አንጀቱን ራሱን አየው።

«አሁን ከቆረጥኩ ደህናውን እበሳዋለሁ። መጀመሪያ በጣቴ ቀስ ብዬ ላላቅቀው።»

አላቅቆ ቆረጠው። ደህናው አንጀት ጭረት እንኳ አልነካውም።

ሆዱ ተሰፍቶ ሲያበቃ ጋሼ ቆባቸውን አወለቁ። ቅንድባቸው ግንባራቸው ላይ ወጥቶ ቀርቷል።

«በድንጋጤ እንደተሰቀለ ነው» አሉ እየሳቁ። «አንተ ብታየው ኖሮ፣ ሰውዬው እስካሁን ሆዱን ከፍቶ ይጠብቀን ነበር!»