አባት የዳኘው ጨዋታ

ሰውየውን በሰፈሩ ሁሉ ቱንቢ ነው የሚሉት። ግድግዳ ቀጥ ማለቱን በቱንቢ የሚለካ ግንበኛ ሆኖ እንዳይመስላችሁ፤ ሥራው አውቶቡስ ላይ ቲኬት መቆጣጠር ነው። ቱንቢ የሚል ስም የወጣለት አንድ ቀን አማቱን፣ ያቺን ጉልበቷን የሚያማት አሮጊት፣ ቲኬትዎ አንድ ፌርማታ አልፎበታል ብሎ ከነዘንቢሏ ከአውቶቡስ ካወረዳት በኋላ ነው። አሮጊቷ "ልጄ፣ እኔ እኮ ነኝ" ብትለው "አውቄዎታለሁ፣ ይውረዱ" አላት። ሰው እየሳቀ ስም አወጣለት። እሱ ግን እየተሾፈበት መሆኑ መች ገብቶት! ደረቱን ነፍቶ ተቀበለው።

ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ቴኒስ ክበብ እየሄደ የልጆች ጨዋታ ይዳኛል። የልጆች ጨዋታ እንደ ትልልቆቹ አይደለም፤ ከፍ ያለ ወንበር ላይ ተሰይሞ የሚጮህ ዳኛ የለውም። እያንዳንዱ ልጅ በራሱ በኩል የወደቀችውን ኳስ የሚፈርደው ራሱ ነው፤ ከመስመር ካለፈች "ውጭ" ይላል፣ ዝም ካለ ውስጥ ናት። ዳኛው አጥር ሥር ቆሞ ያያል። በክበቡ ደንብ፣ ልጅ እጁን አንሥቶ ካልጠራው በቀር፣ ዐይኑ እያየ ኳስ ቢሰረቅም ትንፍሽ አይልም። ከተጠራ ግን ይገባና ኳሷ ቀዩ አፈር ላይ የተወችውን ምልክት ጎንበስ ብሎ ያያል፣ ይፈርዳል፣ ምልክቱን በጫማው አብሶ ይወጣል። ከዚያ ወዲያ ማስረጃ የለም፤ ያለው የዳኛው ቃል ብቻ ነው።

ቱንቢ ይህን ሥራ ሲወደው ለጉድ ነው። ነጭ ሸሚዙን ሚስቱ እንድትተኩስለት እንኳ አያምናትም፤ ራሱ ነው የሚተኩሰው። ጎንበስ ብሎ ምልክት ሲመረምር ሜዳው ዙሪያ ያለው ወላጅ ሁሉ ትንፋሹን ይይዛል። በሳምንቱ ሌሎች ቀናት የሱን አፍ የሚጠብቅ ሰው የለም፤ አውቶቡስ ላይ እንኳ ሲያዩት ፊታቸውን ነው የሚያዞሩት።

አንዲት ልጅ አለችው። ፌንጣ ይሏታል፤ ቁመቷ አጭር ቢሆንም እግሯ መሬት ይጠላል፣ የማትደርስበት ኳስ የለም። በዚያ ዓመት ፍጻሜ ደረሰች። ያሸነፈችው ልጅ አዳሪ ማሠልጠኛ ትገባለች፤ ያለው ቦታ ደግሞ አንድ ብቻ ነው። ለፌንጣ ሌላ ጊዜ የሚባል ነገር የለም፤ በሚቀጥለው ዓመት ዕድሜዋ ያልፋል። ቤት ውስጥ ስለ ማሠልጠኛው ካልሆነ ሌላ ወሬ ጠፍቶ ነበር። አልጋዋ በመስኮት በኩል እንዲሆንላት ስትጸልይ እናቷ በበር ሰምታ፣ ሳቋንም እንባዋንም ይዛ ወደ ጓዳ ገብታለች።

የፍጻሜው ተጋጣሚዋ የጥርስ ሐኪሙ ልጅ ናት። ጎበዝ ተጫዋች ናት፣ አይካድም። ግን ጨዋታ ሲጠብባት ዐይኗን በጨው ታጥባ ኳስ ትሰርቃለች። መስመር ላይ ያረፈችውን "ውጭ" ትልና፣ እጅ ካልተነሣባት ምንም እንዳልተፈጠረ ሆና ትቀጥላለች። ክበቡ ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም። አባቷም ያውቃል።

የጨዋታው ዕለት ጠዋት የተመደበው ዳኛ አሞኛል ብሎ ቀረ። ዋና ዳኛዋ፣ ቀልድ የማያውቁ ሴትዮ፣ "በቃ እኔው እቆማለሁ" አሉ።

"ኧረ ለምን ይደክማሉ?" አላቸው የጥርስ ሐኪሙ። "እሱ እያለ!" ወደ ቱንቢ ጠቆመ።

"የልጅቷ አባት እኮ ነው፣ ዶክተር።"

"ቢሆንስ? የገዛ አማቱን ከአውቶቡስ ያወረደ ሰው ነው። እኔ እንደሆንኩ ዐይኔን ጨፍኜ ነው የማምነው።"

አያችሁልኝ ይሄን ሰው? የጥርስ ሐኪም አይደል፣ የቱ ጥርስ እንደሚነቃነቅ ያውቃል። ዋና ዳኛዋ ዞር ብለው "አንተስ ምን ትላለህ? አልፈልግም ብትል ማንም አይቀየምህም" አሉት። ሰው ሁሉ ያየዋል። የቱንቢ ፊት እንደ ሙሽራ ፈካ።

"እዳኛለሁ" አለ።

ከዚያ ልጁን ከውኃው ቧንቧ ጀርባ ወሰዳት። ጫማዋን እያሰረች ነበር።

"እዚያ ውስጥ አባትሽ አይደለሁም" አላት።

"እሺ።"

"እጅሽን አንሥተሽ እንዳትጠሪኝ። አንቺ ጠርተሽኝ ላንቺ ብፈርድ ሰው ምን ይለኛል?"

ቀና ብላ አየችው። "ከሰረቀችኝስ?"

"በልጠሽ አሸንፊያታ። የሚችል ሰው ዳኛ አይጠራም።"

ፌንጣ የጫማዋን ክር እንደገና ፈታችና እንደገና አሰረችው። "እሺ አባዬ" አለች። እሺ ማለት የለመደች ልጅ ናት፤ ጥፋቷ እሱ ብቻ ነው።

የመጀመሪያውን ዙር ፌንጣ ወሰደች። አቤት አጨዋወት! የሐኪሙን ልጅ ከጥግ ጥግ አሯሯጠቻት፤ የተሰረቀ ኳስ እንኳ አላጎደላትም። ሁለተኛው ዙር ላይ ስርቆቱ በረከተ። ፌንጣ ጥጉን ቆርጣ የመታቻት ኳስ መስመሩ ላይ አርፋ ነጩን ኖራ እያቦነነች ስታልፍ፣ የሐኪሙ ልጅ ጣቷን ቀስራ "ውጭ" አለች። ፌንጣ ቆመች። አጥሩ ሥር እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ የቆመውን አባቷን አየችው። የሚጠበቅባት እጇን ማንሣት ብቻ ነው። እሱም አይቷል፤ ኖራው ሲቦን በዐይኑ በብረቱ አይቷል። ዐይኑን ወደ መረቡ መለሰ። ፌንጣ የራኬቷን ጅማት በጣቷ እያስተካከለች ወደ ቦታዋ ተመለሰች።

እንዲህ እያለ ሁለተኛው ዙር ለሐኪሙ ልጅ ሄደ። መለያው ሦስተኛ ዙርም በስርቆት ቀጠለ። የሐኪሙ ልጅ እጅ እንደማይነሣባት ገባት፤ ከዚያ በኋላማ ምን ያግዳታል? አጥር ላይ የተደገፉ ወላጆች "ኧረ ይቺ ልጅ ምን ነካት፣ አትጠራም እንዴ?" እያሉ ከንፈር መጠጡ። ዋና ዳኛዋ ከሩቅ ወደ ቱንቢ አየት አደረጉ። ቱንቢ ቀጥ ብሎ ቆሟል። አላዘነም አልልም፣ አባት ነው። ግን አልተጠራም፣ ደንብ ደግሞ ደንብ ነው፤ እንዳትጠራው የከለከላት ራሱ መሆኑን ያን ጊዜ ማስታወስ አልፈለገም።

መጨረሻ ላይ ጨዋታው አንዲት ነጥብ ላይ ተንጠለጠለ። የሐኪሙ ልጅ ካገኘቻት አለቀ። ካላገኘቻት እኩል ይሆናሉ፤ ፌንጣም በዚያን ሰዓት ሌላኛዋ ደክማ እግሯን እየጎተተች መሆኑን አይታለች፣ ተስፋ ነበራት። ኳሱ ረዘመ፣ ተመላለሰ። በመጨረሻ የሐኪሙ ልጅ ባለ በሌለ ኃይሏ መታቻት። ኳሷ በፌንጣ በኩል ከኋላው መስመር አለፍ ብላ ወደቀች።

"ውጭ" አለች ፌንጣ። በሷ በኩል ነው የወደቀችው፣ መፍረዱ የሷ ነው። በዚያ ሁሉ ጨዋታ አንድም ኳስ በሐሰት ውጭ አላለችም።

የሐኪሙ ልጅ እጇን አነሣች። "ዳኛ!"

እንግዲህ ተጠራ።

ቱንቢ ወደ ሜዳው ገባ። ፌንጣ ምልክቱን በራኬቷ ጫፍ አሳየችው፤ ላቧ በአገጯ ይንጠባጠባል። ጎንበስ አለ። ምልክቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል። በሱና በመስመሩ መካከል ጣት የሚያስገባ ቀይ አፈር አለ። ለክርክር የሚሆን ነገር የለውም። ማንም ዕውር ያልሆነ ሰው "ውጭ" ብሎ የሚወጣበት ነው።

"በል እንግዲህ" አለ የጥርስ ሐኪሙ ከአጥሩ ማዶ፣ ለጎረቤቱ የሚያወራ መስሎ፣ ድምፁን ግን ከፍ አድርጎ። "አባትም ቢሆን ሰው ነው፣ አንፈርድበትም።" አንድ ሁለት ሰዎች ሳቁ።

የቱንቢ ጆሮ ጋለ። ጎንበስ እንዳለ የታየው ልጁ አልነበረችም፤ የታየው ነገ በክበቡ በር ሲገባ ሰው ጎን ለጎን ሲጠቃቀስበት ነው። ለልጁ ፈረደ ሲሉት ነው። ለራሱ ልጅ ሲሆን ቱንቢውም ይጣመማል ሲሉት። ያ ሁሉ ዓመት የለበሰው ነጭ ሸሚዝ እዚያው ላዩ ላይ ሲቀደድ ተሰማው።

ቀና አለ። "ውስጥ ናት" አለ።

ፌንጣ ምልክቱን አየች። እሱን አየችው። እንደገና ምልክቱን ልታይ ጎንበስ ስትል ጫማውን ሰደድ አድርጎ አበሰው።

አጨበጨቡ። ለሐኪሙ ልጅ ሳይሆን ለሱ ነው ያጨበጨቡት። የጥርስ ሐኪሙ ሜዳ ድረስ ገብቶ በሁለት እጁ ጨበጠው፤ "እንዳንተ ያለ ሰው በዚህ ዘመን የለም፣ ወንድሜ" አለው። ዋና ዳኛዋ ብቻ አላጨበጨቡም። ወደ ምልክቱ ቦታ መጥተው የተጠረገውን አፈር አዩትና ተመለሱ። ፌንጣ ከተጋጣሚዋ ጋር ተጨባበጠች፣ ከአባቷም ጋር እንደ ደንቡ ተጨባበጠች፣ ራኬቷን ከነሽፋኑ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ወጣች።

ወደ ቤት ሲሄዱ አንዴ "ጎበዝ ተጫውተሻል" አላት። "አመሰግናለሁ" አለችው።

እናትየዋ ሆቴል ቤት አንሶላ አጣቢ ናት። ሥራ ቦታዋ ሳለች ነው የሰማችው፤ ወሬ መች ዘግይቶ ያውቃል፣ ቀድሞ ይደርሳል እንጂ። ሻሿን እንኳ ሳታወልቅ ባሏ ፊት መጥታ ቆመች። ሳሙና የበላውን እጇን ወገቧ ላይ አኖረች።

"ባንተ ቃል ነው የወደቀችው አሉኝ።"

"ጠሩኝ፣ ምልክቱን አየሁ፣ ፈረድኩ።"

"አየህ ወይ አላልኩህም። ኳሷ ውስጥ ነበረች ውጭ?"

ቱንቢ የሸሚዙን እጅጌ ቁልፍ መፍታት ጀመረ። አልፈታ አለው።

"አንተን እኮ ነው! ልጄን በሰው ጭብጨባ ለውጠሃት ከሆነ ዛሬውኑ ንገረኝ፤ ልጄን ይዤ እወጣልሃለሁ። ውስጥ ነበረች ውጭ?"

ፌንጣ ጥግ ላይ ተቀምጣ አፈር የጠጣ ካልሲዋን በሳፋ ታጥባለች። አባቷ መልስ እንደማይሰጥ ከጀርባው ሆና አወቀች። እናቷም ያለችውን የምታደርግ ሴት መሆኗን ታውቃለች። ቀና ሳትል "ውስጥ ነበረች" አለች።

"ምን?"

"ውስጥ ነበረች፣ እማዬ። እያወቅኩ ነው ውጭ ያልኩት። ማለፍ ፈልጌ።"

እናትየዋ ወንበሩ ላይ ዘጭ አለች። ያ ሁሉ ንዴት አቅጣጫውን ለወጠ። "እኔ ሌባ ነው እንዴ ያሳደግኩት?" አለች። "እጄ እስኪላጥ አንሶላ የማጥበው የሰው ኳስ እንድትሰርቂልኝ ነው? ደግሞ በአባትሽ ፊት! እኔ ደግሞ ምስኪኑን ሰውዬ ላንቺ ብዬ ላርደው ነበር!" እያለቀሰች ነው የምትናገረው። ከሁሉ በላይ ያንገበገባት ልጅቷን አምና ኖራ መታለሏ ነው። "ተነሺ" አለቻት። "ተነሺና ይቅርታ ጠይቂው።"

ፌንጣ እጇን በቀሚሷ አደራርቃ ተነሣች። መጥታ ፊቱ ቆመች፣ ዐይን ዐይኑን አየችው። እዚህ ላይ ሰውየው አንዲት ቃል ቢተነፍስ ይበቃ ነበር። ልጅቷም ትንሽ ጠበቀችው።

"ይቅርታ፣ አባዬ" አለች።

ቱንቢ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ይሁን" አላት። "ሁለተኛ እንዳይለምድሽ።"