የአደራ ባና

እናቴን የሚያውቅ ሰው ሁሉ፣ ለገና ስጦታ ልገዛላት ነው ስል ይስቅብኛል። ይሳቅ! የኔ ቆሽት ግን አርሯል።

ላሊበላ ከተማ፣ ሆቴል ውስጥ አልጋ አንጣፊ ነኝ። ቀኑን ሙሉ የሰው አንሶላ ስወጥር፣ የሰው ብርድ ልብስ ስደርብ እውላለሁ። እናቴ ወይዘሮ ይማርሽ ደግሞ ከአሸተን ማርያም ሥር፣ ንፋሱ ሳያንኳኳ በሚገባበት ዳገት ላይ፣ ጭቃ መደብ ላይ ቁርበት አንጥፋ ትተኛለች። ልጅ የሌላት ይመስል! ባለፈው ክረምት ደረቷን ይዟት ጤና ጣቢያ ስወስዳት ነርሷ ለብቻዬ ጠርታ፣ "ብርድ እንዳያገኛት። ሁለተኛ እንዲህ ከታመመች አትችለውም" አለችኝ። ያቺ ቃል እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣችም።

ታዲያ ስጦታ መግዛት ምን ያቅታል ትሉ ይሆናል። መግዛቱማ አያቅትም። የእናቴ ቤት ግን የገና ተሳላሚ የሚያልፍበት መንገድ ዳር ነው። በልደት ሰሞን "የእግዜር እንግዳ" ያለ ሁሉ ይገባል፣ እግሩ ይታጠባል፣ መደቡ ይለቀቅለታል። እሱስ ደግ፤ ወጋችን ነው፣ እኔም የተሳላሚ እግር ሳጥብ ነው ያደግሁት። እናቴ ግን መደቡን ለቃ አታቆምም። መጀመሪያ ፍራሽ ገዛሁላት፤ ወገባቸውን ለሚያማቸው መነኩሴ በአህያ ጭና ሸኘችው። በዓመቱ ብርድ ልብስ ወሰድኩላት፤ ከጋይንት የመጡ አሮጊት ለብሰውት ሄዱ። አምና ጫፉ አበባ የተጠለፈበት ትራስ ሰጠኋት፤ አንድ ዓይነ ስውር መሪጌታ ተንተርሰውት እንቅልፍ ወሰዳቸው፣ እሷም ትራሱን አስይዛ ላከቻቸው።

"ሲነሱ አታነሺውም ነበር?" ብላት፣

"ከራሳቸው ሥር ልንጠቅ? አንቺስ ክፉ እየሆንሽ መጣሽ" ብላ ተቆጣችኝ። የኔ እጅ አመድ አፋሽ ነው!

ዘንድሮ ግን ነገሩ የስጦታ ብቻ አልነበረም፤ ደረቷ ነው። ስለዚህ ገና ሲቃረብ ቅዳሜ ገበያ ወጣሁና፣ ከወልድያ አልጋ ልብስና ብርድ ልብስ እያመጣች የምትሸጠው ጀውሀራ ዘንድ ሄድኩ።

"የሚያምር ነው የምትፈልጊው የሚያሞቅ?" አለችኝ።

"የሚያምርም የሚያሞቅም።"

"ወላሂ፣ ሁለቱን የያዘ ባል እንኳ አላገኘሁም" ብላ ሳቀችና ዕቃዋን ትዘረግፍልኝ ጀመር። ነብር የታተመበት ብርድ ልብስ አወጣች፤ እናቴ በጾም ነብር ለብሳ ልትተኛ ነው? ዳንቴል አልጋ ልብስ አወጣች፤ ሲያዩት ነፍስ ነው፣ ግን ብርዱን እንደ ወንፊት ያሳልፈዋል። ቀይ የአልጋ ሥር ምንጣፍ አወጣች፤ ስትነሳ እግሯን ብታሳርፍበት ደስ ባለኝ፣ ግን አንዱ ይሰግድበትና የሱ ሆኖ ይቀራል። ከራስጌ የሚሰቀል የፀሐይ መብራትም ነበር። እሱንማ በሳምንቱ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሲበራ ነው የማገኘው! ጀውሀራን እስካሰለቻት አነሳሁ፣ ጣልኩ። እኔም ራሴን ሰለቸሁት።

ድንገት ጥግ ላይ የታሰረ ባና፣ የበግ ፀጉር ብርድ ልብስ፣ አየሁ። ጥቁርና ነጭ፣ ወፍራም፣ ዳር ዳሩ በቀይ ክር የተጠለፈ።

"እሱን አውርጂልኝ!"

"እሱ የሰው አደራ ነው፤ አይሸጥም።"

"ኧረ በናትሽ ጀውሀራ፣ ለባለቤቱ ሌላ ታመጪለታለሽ።"

"የሰው አደራ ሸጬ አላህ ፊት በምን ዓይኔ ልቆም?" ብላ ቆጣ አለችና፣ ከዚያው ሸማኔ እጅ የወጣ ሌላ ባና ከሥር መዝዛ ሰጠችኝ። ጥልፉ ራሱ፣ ውፍረቱ ራሱ። ገዛሁት። ተሸክሜው ስሄድ ግን ያ "አደራ" ያለችው ነገር አብሮኝ ሄደ። እናቴ የራሷን ነገር ሁሉ ትሰጣለች፤ የሰው አደራ ግን አንገቷ ቢቀላ አትሰጥም። እንዴት እስከ ዛሬ አልታየኝም!

በማግስቱ ዳገቱን ወጣሁና፣ "እማ፣ ይሄ የሆቴሉ ነው" አልኳት። "እንግዳ በዝቶ ማስቀመጫ ጠፋ። እስከ ጥምቀት አደራ ጠብቂልኝ። ግን ታጥፎ ከዋለ ብል ይበላዋል፤ ማታ ማታ ልበሺው።"

"አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ" አለች ራሷን እየነቀነቀች። "አታስቢ ልጄ።"

ያንን መነቅነቅ እሺታ ብዬ ያዝኩት። ዳገቱን የወረድኩት እያፏጨሁ ነው።

የገና ሰሞን ሆቴሉ ውስጥ መተንፈሻ አልነበረም። እናቴ ዘንድ የደረስኩት በዋዜማው፣ ከሰዓት በኋላ ለምኜ ባገኘሁት ፈቃድ ነው። መንገዱ ነጭ በለበሰ ተሳላሚ ተሞልቷል። እኔ በልቤ እናቴን ባናዋ ውስጥ ተጠቅልላ እያየኋት ነበር። በሩ ላይ ስደርስ ሳሏን ሰማሁት።

መደቡ ላይ አንዲት ተሳላሚ ሴት ትንሽ ልጇን በነጠላ ጠቅልላ ታቅፋለች፤ ልጅቱ ጥርሷ እየተንገጫገጨ ነው። እናቴ መሬት ላይ፣ ቁርበቷ ላይ ኩርምት ብላ ትስላለች። ባናውን በዓይኔ ፈለግሁት። ቀና ስል አየሁት፤ በፌስታል ተጠቅልሎ፣ በገመድ ተጠፍሮ፣ አይጥ እንዳይደርስበት ከጣራው ወጋግራ ላይ ተሰቅሏል። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄ ነው!

"እማ! ባናው?"

"አለ፣ አለ፣ አትደንግጪ" አለች እየኮራች። "እጄ አልነካውም።"

"ልበሺው አላልኩሽም?"

"የሰው አደራ ለብሼ? በስተርጅናዬ አደራ በላ ልባል? ጭሱ፣ ሳሌ..." ሳሉ ራሱ አቋረጣት። ትንፋሿ ሲመለስ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር። "ግን ምን በድዬሽ ነው ይሄን ያመጣሽብኝ? ይቺ ሕፃን ከጠዋት ጀምራ ትንቀጠቀጣለች። ቀና ብዬ አየዋለሁ፣ መልሼ አቀረቅራለሁ። እንዲህ ያለ ፈተና አይቼ አላውቅም።"

ደሜ ፈላ። በእናቴ ይሁን በራሴ አላወቅሁም።

"ያንቺ ነው!" ብዬ ጮህኩ። "የሆቴል አይደለም፣ ያንቺ ነው! ለገና ገዛሁልሽ፣ ለሰው እንዳትሰጪው ብዬ ዋሸሁሽ!"

እናቴ አፈጠጠችብኝ። "በአደራ ዋሸሽኝ?"

"አዎ።"

"በነቢያት ጾም?"

"አዎ አልኩሽ!"

በጥፊ ትለኛለች ብዬ ስጠብቅ ፊቷ ቀስ ብሎ ፈታ አለ። "የኔ ነው? የራሴ?"

"የራስሽ።"

"በይ አውርጂው።"

አወረድኩት። ጭኗ ላይ ዘረጋችው፣ ቀዩን ክር በጣቷ ዳሰሰችው፣ ጉንጯን አስጠጋችው። "ውይ ሲያምር! ውይ ሲሞቅ! እጅሽ ይባረክ የኔ ልጅ።" ያን ሁሉ ዓመት እንዲህ ስትል አላየኋትም። በቃ፣ ተሳካልኝ አልኩ። እሷ ግን ጉልበቷን ይዛ ተነሳች፣ ወደ መደቡ ሄደች፣ ሕፃኗን አለበሰቻት።

"እማ! በሞቴ አትስጪ!"

"እንግዳ ፊት ሞትሽን አትጥሪብኝ።"

"ነርሷ ያለችኝን ታውቂያለሽ? ልትሞቺብኝ ነው!" ለቅሶዬ መጣ፤ አላፈርኩም። "አንድ ቀን እንኳ የገዛሁልሽን ለብሰሽ ብትታዪኝ ምን አለበት?"

"ምሥራቅ" አለች ቀስ ብላ። "አንቺ ሥራ ሳትይዢ እንግዳ ሲመጣብኝ ከውሃና ከቆሎ ሌላ የምሰጠው አልነበረኝም። አሁን ባንቺ አለኝ። ይሄ ትንሽ ነገር ነው?"

 ንዴቴ ግን አልበረደም። 

ይሄን ጊዜ ተሳላሚዋ የባናውን ጫፍ ገለጥ አደረገች። ከሰቆጣ ወዲያ በእግሯ የመጣች፣ አመተ ጊዮርጊስ የምትባል ሴት ናት።

"እማማ፣ ይግቡ።"

"ኧረ እኔ ደኅና ነኝ። አንቺ ተኚ፣ በሞቴ።"

"እኔም በሞቴ! እርስዎ ካልገቡ ይቺን ልጅ ይዤ አሁኑኑ እወጣለሁ። ለቅዱስ ላሊበላም፣ ልብሷን ሰጥታኝ በብርድ የሞተች ሴት አለች ብዬ እነግራለሁ።"

እናቴ እሷን አየች፣ በሩን አየች። የተሳላሚን በሞቴ ማን ይሽራል? ደግሞ እንግዳ ከቤቷ ተቆጥቶ ሊወጣ! እያጉረመረመች መደቡ ላይ ወጣች። ሕፃኗን ከመሃል አድርገው፣ ሌሊቱን ለማሕሌት የሚቆሙበትን ጉልበት ለማሳረፍ ሦስቱም ጋደም አሉ። ጥቂት ቆይቶ የልጅቱ ጥርስ ዝም አለ፤ የእናቴም ሳል ጋብ አለ።

እኔ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ስንት ዓመት የለፋሁበትን አንዲት መንገደኛ በአንድ ቃል ስትጨርሰው! ደስ አለኝ፣ ደግሞም ቀናሁ።

ባናው ለሦስት አጠረ። የእናቴ እግር ወጥቷል። ብነካው በረዶ ነው። ጋቢዬን አወለቅሁና እግሯን ጠቀለልኩት።

አንድ ዓይኗን ገለጠች። "ይሄስ የማን ነው?"

"ያንቺ ነው" ብላት ነገ አንዱ ለብሶት ይሄዳል። "አደራ ነው" ብላት አሁኑኑ እግሯን ታወጣዋለች።

"የኔ ነው" አልኳት። "አልሰጠሁሽም። አደራም አላልኩሽም። ዝም ብለሽ ተኚ።"

ትንሽ አሰበችበትና እግሯን ጋቢዬ ውስጥ ሰበሰበችው።