የአቶ መኳንንት የተደበቀ ክኒን

ወይዘሮ በላይነሽ የባላቸውን ሱሪ ሊያጥቡ ኪሱን ሲፈትሹ ግማሹ ያለቀ የክኒን ማሸጊያ እጃቸው ገባ። አቶ መኳንንት ጉንፋን እንኳ ቢይዛቸው የቀራንዮ ሰፈር ሰው በሙሉ መጥቶ ካልጠየቃቸው የማይድኑ ሰው ናቸው። እኒህ ሰው ደብቀው የሚውጡት ክኒን ምን ቢሆን ነው?

ሲያስቡት ነገሩ ክኒን ብቻ አልነበረም። ባላቸው ከተለወጡ ሰንብተዋል። ለቅሶ ቤት ከሰው ጋር ተቀምጠው ሳሉ ብድግ ብለው ይጠፋሉ። ማታ ሻይ ሲቀርብላቸው «ይቅርብኝ» ይላሉ። አልጋ ላይም ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ማዞር ለምደዋል። በዚያ ላይ «የታመመ ባልደረባ ልጠይቅ» እያሉ ቤቴል ይመላለሳሉ። የበሽተኛው ስም ግን አንድ ሰሞን አምላኩ፣ ሌላ ሰሞን ያደሳ ነው።

ወይዘሮ በላይነሽ ማሸጊያውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ወደ ጦር ኃይሎች ሄዱ። የጎረቤታቸው የዘይቱና ልጅ ሀይፋ እዚያ መድኃኒት ቤት ትሠራለች።

«ልጄ፣ ይሄ የምን መድኃኒት ነው?»

ሀይፋ አገላብጣ አየችው። «የማን ነው እትዬ በላይነሽ?»

«የ… የአንድ ዘመድ ነው። ሸምገል ያለ ሰው።»

ልጅቷ መደርደሪያው ላይ ያለውን ሳሙና ስታስተካክል ቆይታ፣ ዓይናቸውን ሳታይ፣ «የወንድ ሆርሞን የሚያግድ ነው። ወንዶች ራሳቸው ሲመለጥ ፀጉራቸው እንዳያልቅ ይወስዱታል» አለች።

«ፀጉር?»

«ለሌላም ነገር ይታዘዛል… እሱን ሐኪሙ ነው የሚያውቀው።»

ወይዘሮ በላይነሽ «ለሌላም» የሚለውን አልሰሙም። የአቶ መኳንንት ራስ ከተመለጠ ዓመታት አልፈዋል። አንድ ቀን እንኳ ቅር ብሏቸው አያውቅም፤ እንዲያውም «ሻምፑ አላስወጣሁሽ» እያሉ ይቀልዱ ነበር። ታዲያ ዛሬ፣ የልጅ ልጅ ካዩ በኋላ፣ ለማን ሊያበጥሩት ነው ፀጉር የሚያምራቸው?

በማግስቱ ባልየው «ያደሳ ብሶበታል» ብለው ሲወጡ፣ ወይዘሮ በላይነሽ እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ተከተሏቸው። ባልየው የታክሲው ጋቢና ሲገቡ እሳቸው መጨረሻ ወንበር ላይ ተወሸቁ። አየር ጤና ወርደው ታክሲ ሲቀይሩም እንደዚሁ። ቤቴል እንደደረሱ አቶ መኳንንት ቀጥ ብለው አንድ ካፌ ገቡ፤ ሻይ ሳይፈላ ተመልሰው ወጡ። ጥቂት እንደሄዱ ሌላ ካፌ ገቡ፤ አሁንም ወጡ።

«ቀጥራው ቀረች» አሉ ወይዘሮ በላይነሽ በሆዳቸው። ለአፍታ ባላቸው አሳዘኗቸው።

ያን ጊዜ አቶ መኳንንት መንገዱን ተሻግረው፣ በሩ ላይ «ቤርጎ» ተብሎ የተጻፈበት አልጋ ቤት ውስጥ ዘው አሉ።

ወይዘሮ በላይነሽ ተከትለው ገቡ። እንግዳ መቀበያው ጋ ጉዲቱ የምትባል ሴት ስልኳን እየነካካች ተቀምጣለች።

«አሁን የገባው ሰውዬ የትኛው ክፍል ነው?»

«ማን? ጋሽ መኳንንት?»

ስማቸውንም ታውቃለች! «ከማን ጋር ነው ያለው?»

«ከማን ጋር ይሆናሉ እማማ? ሽንት ቤት ናቸው።» ጉዲቱ ስልኳን አስቀመጠች። «ሐኪም ቤት ሲመጡ የካፌዎቹ ሽንት ቤት ከተያዘባቸው እኛ ጋ ጎራ ይላሉ። ፕሮስቴታቸው አድጎ ሽንታቸውን እያጣደፈ ያስቸግራቸዋል። ክኒን ታዞላቸዋል፤ ግን ሐኪሙ ወራት ይፈልጋል ብሏቸዋል። እርስዎ እህታቸው ነዎት?»

ወይዘሮ በላይነሽ ደስ ሊላቸው ይገባ ነበር። ሌላ ሴት የለችም፤ ሰውዬው ታማኝ ናቸው። ግን ንዴታቸው ባሰ። ልጆች ወልደው አብረው ያረጁት ሚስት የማያውቁትን የቤርጎ ሠራተኛ ሁሉ ያውቀዋል ማለት ነው!

አቶ መኳንንት ኮታቸውን እየቆለፉ ብቅ አሉና ደርቀው ቀሩ። «በላይነሽ? እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ያደሳን ልጠይቅ ነው። እንዴት ዋለ?»

ባልየው መሬት መሬት እያዩ አጠገባቸው ያለው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ጉዲቱ ነገሩ ገብቷት ወደ ጓዳ ገባች።

«ለእሷ የነገርካትን ለእኔ መንገር አቃተህ?»

«እሷ ብትታዘበኝ ምን ቸገረኝ? አንቺ ግን…» አቶ መኳንንት ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሐኪሙ ክኒኑ ፍላጎት ሊቀንስ ይችላል አለኝ። ቀነሰም። ጨርሶ አረጀ እንዳትዪኝ ፈራሁ።»

ወይዘሮ በላይነሽ ሳቅም ልቅሶም እየቃጣቸው፣ «እኔ ደግሞ ፀጉር ልታበቅል መስሎኝ» አሉ።

«ፀጉር ያበቅላል እንዴ?» አቶ መኳንንት እጃቸው ሳይታወቃቸው መላጣቸው ላይ ወጣ።

ሐኪሙ ዘንድ አብረው ገቡ። ሐኪሙ ባልየውን ሲጠይቅ ሚስት መለሱ፤ እንቅልፍ እንደሌላቸው፣ መንገድ እንደሚያስጨንቃቸው፣ ዝምታ እንዳበዙ ነገሩት። ሐኪሙ የፍላጎቱን ጉዳይ ቀደም ብለው ቢነግሩት ኖሮ ሌላ መድኃኒት ይሞክር እንደነበር ተናገረና አሁን ቀየረላቸው። አቶ መኳንንት ግን ሽንቱን ረስተው፣ «የቀድሞውን ብተወው የበቀለው ይረግፋል?» ብለው ጠየቁ።

«ምን በቅሎ ጋሼ?» አለ ሐኪሙ ራሳቸውን እያየ።

ሊወጡ ሲሉ ወይዘሮ በላይነሽ ወደ ኋላ ቀሩ። ነጠላቸውን ከግንባራቸው ሸሸት አደረጉና በሹክሹክታ፣ «ዶክተር፣ ያ የተውነው ክኒን ለሴት አይሆንም? ከፊት ለፊት እየሳሳብኝ ነው» አሉ።

እንዲያው በዘፈቀደ እንደማይሰጥ ሐኪሙ በትህትና አስረዳቸው። ወይዘሮ በላይነሽም «ገና ልጅ ነው፣ ምን ያውቃል» እያሉ ወጡ።

በመልሱ ታክሲ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ታክሲው ትንሽ እንደሄደ አቶ መኳንንት ይቁነጠነጡ ጀመር፤ ግን አፍረው ጥርሳቸውን ነከሱ። ወይዘሮ በላይነሽ አንዴ አዩዋቸውና ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ወራጅ አለ!» አሉ።

«ኧረ እማማ፣ አሁን ተሳፍራችሁ?» አለ ሾፌሩ።

«አሁንም ቢሆን ወራጅ አለ!»