ጉምጉምታው ከየት መጣ

ሶረቲ ከአዳማ መናኸሪያ ጀርባ፣ ከአንድ ጋራዥ አጠገብ ባለ ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ተከራይታ የድምፅ መቅጃ ስቱዲዮ ከከፈተች አራት ዓመቷ ነው። የመዝሙር ኳየሮችና የሠርግ ዘፋኞች፣ አልፎ ተርፎም ማስታወቂያ የሚያስነግሩ የዓለም ጤና ከተማ ሽንኩርት ነጋዴዎች ይመጡላታል። ጆሮዋ የተመሰከረለት ነው። ለዚህም ነው ከሁለት ወር ወዲህ የገባው ጉምጉምታ እንቅልፍ የነሳት።

ማንም ሳይዘፍን፣ ማንም ሳይናገር፣ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ስታደርግ ከሥር «እምምም» የሚል ወፍራም ድምፅ ትሰማለች። ሩቅ ያለ ወፍጮ ይመስላል። ገመድ ቀየረች፤ ያው ነው። ማይክ ተውሳ ሞከረች፤ ያው ነው። ጋራዡን ጠርጥራ እሑድ ዝግ ሲሆን መጥታ አዳመጠች፤ አሁንም «እምምም»። በመጨረሻ አንድ ዕቃ ጠጋኝ፣ «የድምፅ ማደባለቂያሽን፣ የሚክሰሩን፣ ስፒና ፍቺና ወደ መሬት የምትወርደውን የኧርዟን ሽቦ ቁረጫት፤ ትገላገያለሽ» አላት። ቆረጠች። ጉምጉምታው ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። በዚያ ላይ ማይኩ አንዳንዴ የዘፋኞቹን ከንፈር ቆንጠጥ ማድረግ ጀመረ። «ማይክሽ ይናከሳል!» እያሉ ሲስቁ አብራ ትስቃለች፤ በውስጧ ግን ትሰጋ ነበር።

አንድ ሐሙስ ጠዋት አቶ ደገፋና ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘርፉ በባጃጅ ከወንጂ መጡ። አቶ ደገፋ በስኳር ፋብሪካው ሠላሳ ስምንት ዓመት የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሆነው ጡረታ የወጡ ዝምተኛ ሰው ናቸው። ወይዘሮ ዘርፉ ግን ከበር ጀምሮ እየተጫወቱ ነው የገቡት። በወጣትነታቸው በሠራተኞች ክበብ ባንድ ውስጥ ይዘፍኑ ነበር። ገና ከመቀመጣቸው አንገታቸው ላይ የጠመጠሙትን ሻሽ ገለጥ አድርገው እንቅርታቸውን አሳዩአት።

«ሰኞ አዲስ አበባ ኦፕራሲዮን እሆናለሁ» አሉ። «ሐኪሙ ‹ድምፅዎ እንደ ድሮው ላይሆን ይችላል› ብሎኛል። ራሴ የደረስኳቸው ሦስት ዘፈኖች አሉኝ፤ የትም አልተቀዱም። ልጆቼ ‹ሳትሄጂ ተቀጂልን› ብለው ነው።»

ሶረቲ ከሌላው ቀን ሁሉ ይልቅ ያን ቀን ጉምጉምታው ባይኖር ብላ ተመኘች። ወይዘሮ ዘርፉን ማይኩ ፊት አቁማ በሁለቱ ክፍሎች መካከል ካለው መስታወት ወዲያ ወደ ኮምፒውተሯ ሄደች። ሴትዮዋ ለመሞከር ጠጋ ሲሉ ከንፈራቸው የማይኩን ወንፊት ነካ።

«ውይ!» ብለው ወደ ኋላ ዘለሉ። «ነከሰኝ!»

አቶ ደገፋ ከወንበራቸው ተነሡ። ስፒናዎቹን አንድ በአንድ ነቅለው አዩ። የሚክሰሩ ላይ ሲደርሱ ካቻቪቴ ለምነው ፈቱት።

«ይቺን ማን ቆረጣት?»

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ» አለች ሶረቲ። ጉምጉምታውንም፣ የጠጋኙን ምክርም ሳትደብቅ ነገረቻቸው።

«ኢንተላ ኮ» አሉ በኦሮምኛ፤ «ልጄ፣ ይቺ ሽቦ እኮ የነፍስ መጠበቂያ ናት። ሳትቀጠል ባለቤቴን እዚህ አላቆምም። ሌላ ሰውም እንዳታቆሚ።»

«አንተ ደገፋ፣ ልጅቷን አታሸማቅቃት!» አሉ ወይዘሮ ዘርፉ። «ታውቅ የለ? አንተው ሥራላት።»

አቶ ደገፋ ሽቦዋን መልሰው ቀጠሉ። ሶረቲ ማዳመጫውን ስታደርግ ጉምጉምታው እንደ ከባድ መኪና ሞተር አገሣ።

«ብሷል፣ ጋሼ!»

«ይባስ ግድ የለም። መቼ ነው የጀመረሽ?»

«ሁለት ወር ይሆነዋል።»

«ያኔ ምን ነገር ነካካሽ?»

«ምንም» ልትል ነበር። ከዚያ ቆም ብላ አሰበች። ያኔ መስታወቱን አስገብታ ኮምፒውተሩን ወደ ሁለተኛው ክፍል አዛውራለች፤ ሚክሰሩ ግን እዚያው የመጀመሪያው ክፍል ቀርቷል። ይህን ስትነግራቸው አቶ ደገፋ ራሳቸውን ነቅንቀው ወደ ግቢው ወጡ። ከቆጣሪ ወደ ቆጣሪ፣ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ ሲዞሩ ቆይተው እጃቸው አፈር ለብሶ ተመለሱ።

«ኮምፒውተርሽ ያለበት ክፍል በኋላ የተሠራ ነው፤ ቆጣሪውም፣ ኧርዙም ለብቻው ነው። ሚክሰርሽ ከአንዱ መሬት፣ ኮምፒውተርሽ ከሌላው መሬት ታስሯል። የሁለቱ መሬት ደግሞ እኩል አይደለም። የድምፅ ገመድሽ ሁለቱን ስላገናኛቸው መብራቱ በእሱ ላይ ይመላለሳል። የምትሰሚው ያንን ነው።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ሁሉንም ከአንድ ሶኬት እናበላቸዋለን።»

ሶረቲ እየሮጠች ሄዳ ጠንካራ ገመድ ያለው ረጅም ዲቫይደር ይዛ መጣች። አቶ ደገፋ የአንደኛውን ክፍል የኧርዝ ማሰሪያ ላልቶ አግኝተውት ስለነበር ጠበቅ አደረጉት፤ በቴስተራቸውም ፈተሹት። ከዚያ ሚክሰሩንም፣ ኮምፒውተሩንም፣ ስፒከሮቹንም በዲቫይደሩ አድርገው በዚያው ክፍል ባለው አንድ ሶኬት ሰኩ። የማይኩን ወንፊት መጀመሪያ በቴስተር፣ ቀጥሎ በገዛ እጃቸው ነኩት።

«በይ፣ አዳምጪ።»

ሶረቲ ማዳመጫውን አጠለቀች። ምንም የለም። የተነቀለ መስሏት ገመዱን ነካካች። ከዚያ ወይዘሮ ዘርፉ ሲተነፍሱ ሰማች። ሻሻቸው ትከሻቸው ላይ ሲንሸራተት፣ ምራቃቸውን ዋጥ ሲያደርጉ ሳይቀር ሰማች። ሳቋ አመለጣት።

«ይጀምሩ፣ እትዬ ዘርፉ!»

የመጀመሪያው ዘፈን ከሩቅ አገር መጥተው ሸንኮራ ስለሚቆርጡ ሠራተኞች ነበር፤ ሁለተኛው በኦሮምኛ የተደረሰ የሠርግ ዘፈን። ድምፃቸው ወደ ላይ ሲወጣ ትንሽ ይሰነጠቃል፤ ሶረቲ ግን «ይድገሙልኝ» ለማለት አንጀቷ አልጨከነም፤ ስንጥቁ ራሱ ያምር ነበር። ሦስተኛው በርጋታ ጀመረ። የሌሊት ፈረቃ የገባ ባሏን በመስኮት የምትጠብቅ፣ ጎህ ሲቀድ የብስክሌቱን ኳኳታ ስትሰማ ግን የተኛች መስላ የምትጋደም ሴት ናት የምትዘፍነው።

ሁለተኛውን ማዳመጫ አድርገው ከሶረቲ ጎን የተቀመጡት አቶ ደገፋ ቆባቸውን አወለቁ። ዘፈኑ ሲያልቅ በመስታወቱ በኩል ባለቤታቸውን አዩ። ሶረቲ እንዲነጋገሩ አጠገቧ ያለውን የመነጋገሪያ ማይክ ከፈተችላቸው።

«ይሄን መቼ ደረስሽው?»

«አንተ ፈረቃ ላይ ሳለህ ነዋ!»

«አንድም ቀን አልዘፈንሽልኝም።»

«ቤት ስትገባ እንቅልፍህ ይመጣል፤ መቼ ትሰማኛለህ?»

ሰውየው ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አስተካከሉና፣ «እስቲ ድገሚው» አሉ። ወይዘሮ ዘርፉ ደገሙት፤ ከመጀመሪያውም አሳመሩት።

ኦፕራሲዮኑ በሰላም አለቀ። በሦስተኛው ሳምንት አቶ ደገፋ ዕቃቸውን ይዘው ብቅ አሉና፣ ከግቢው ባለቤት ጋር ተነጋግረው የሁለቱን ክፍሎች ኧርዝ በወፍራም ሽቦ አንድ አደረጉት። ሶረቲ ፀሐይ ላይ ቆማ ሽቦውን ያዘችላቸው። ሥራውን እያሳዩ ስለ እያንዳንዱ ማሰሪያ ሲጠይቋት ዋሉ፤ ስትስት ያስደግሟታል።

እየጨረሱ ሳለ ስልኳ ጠራ።

«ሶረቲ? ዘርፉ ነኝ።» ድምፁ ሻካራና ወፍራም ነበር፤ ሳቁ ግን ያው የወይዘሮ ዘርፉ ነው። «ሰማሽ? እንደ ወንድ ጎረነንኩ። ልጆቼ ‹ይሄም ያምርብሻል› አሉኝ። አራተኛ ዘፈን ጀምሬያለሁ፤ ዝቅ ባለ ድምፅ የሚዘፈን። ቅዳሜ ክፍት ነሽ?»

«ለእርስዎ?» አለች ሶረቲ። «ከጠዋት ጀምሬ እጠብቅዎታለሁ።»