የዲቦራ መስከረም

ቲቸር ባየሽ መስከረም አንድ ቀን ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ነጭ ቀሚስ ለብሰው፣ አደይ አበባ ታቅፈው ኮፒ ቤቴ ገቡ። በዓል ስለነበር ሱቁን የከፈትኩት ለእሳቸው ብቻ ነው። አምቦ ውስጥ የእኔን ዋይፋይ የሚያምን ሰው ቢኖር እሳቸው ናቸው።

ልጃቸው ዲቦራ ፖላንድ ከገባች ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እዚያ የተወለደችው ሮዳስ ዘንድሮ አንደኛ ክፍል ትገባለች። ዲቦራ በክረምት ደውላ እንዲህ ብላቸው ነበር፦ "እማዬ፣ እዚህ ትምህርት የሚጀመረው መስከረም አንድ ነው። ልጆቹ አበባ ይዘው፣ አያቶቻቸውን አስከትለው ነው የሚሄዱት። ሮዳስ አያት አለኝ ብትል አላመኗትም። በቪዲዮ ትገቢና ያዩሻል።" ቲቸርም ግድግዳቸው ላይ ካለው የቀን መቁጠሪያ መስከረም አንድን በቀይ ከበቡት። እንቁጣጣሽ ስለሆነ ድሮም ቀይ ነበር።

ደወልን። ዲቦራ በሥራ ልብሷ ብቅ አለች፤ ከኋላዋ ካርቶን እስከ ጣሪያ ተከምሯል።

"እንኳን አደረሰሽ እማዬ! ምነው አበባ በአበባ ሆንሽ?"

"ልጅቷስ?"

"ትምህርት ቤት ናታ።"

"ዛሬ አይደል እንዴ የሚጀምሩት?"

"ከጀመሩ እኮ አስር ቀናቸው ነው። የዚያን ቀን ብንደውል ብንደውል ስልክሽ ዝግ ነው። ሮዳስ ስልኩን እንደያዘች ሰልፉ አለቀ።"

"መስከረም አንድ አላልሽኝም?"

"አዎ፣ ሴፕቴምበር አንድ። መስከረም አንድ።"

ሴፕቴምበር አንድ በእኛ ነሐሴ ሃያ ስድስት ነው፤ የዚያን ሰሞን ሰፈራችን መብራት አልነበረውም፣ የቲቸርም ስልክ ሞቶ ነበር። ዲቦራ ስትዘጋ አበባውን እንዳቀፉ፣ "የራሷን መስከረም አውጥታለች" አሉ። ለማን እንደተናገሩ አላወቅኩም። ሱቁ ውስጥ የነበርነው እኔና የፎቶኮፒ ማሽኑ ነን።

ሁለተኛ ዕድል ግን መጣ። በዚያ አገር አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ ወዲያው ተማሪ አይባልም አሉ። የመምህራን ቀን ሲደርስ ልጆቹ ቃለ መሐላ ይገባሉ፤ ርዕሰ መምህሯ የአካፋ እጀታ የሚያህል እርሳስ በየትከሻቸው ላይ ታሳርፋለች፤ ተማሪ የሚሆኑት ያኔ ነው። ቲቸር ይህን ሲነግሩኝ ሳላስበው ትከሻዬን ዳሰስኩ። እኔንም ተማሪ ያደረጉኝ እሳቸው ናቸው፤ በእርሳስ ግን አልነበረም። ልምጩ ከጭልሞ ጫካ ነበር የሚመጣላቸው።

መሐላውን ክፍሉን ወክላ የምትለው ሮዳስ ናት። አያቶች ይጋበዛሉ። "ጥቅምት አራት ነው" አለች ዲቦራ።

ዲቦራ ያለፈው ስህተት ቆጭቷት በእኛ አቆጣጠር ለውጣ ነው የተናገረችው። ቲቸርም ያለፈው ስህተት ቆጭቷቸው፣ የፈረንጁ ቀን ነው ብለው አስር ቀን ቀነሱ። መስከረም ሃያ አራት መጣላቸው። ሁለቱም ተጠንቅቀዋል።

መስከረም ሃያ አራት ቅዳሜ ነበር። ሰፈሩ በአውቶቡስ ተጭኖ ኢሬቻ ሄዷል። የቀሩት ጉልበታቸውን የሚያማቸው ጡረተኛው ሹፌር ኦቦ ሂርጳ ናቸው፤ የሱቄ በር ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ።

"አካም ቡልተን ቲቸር! ነጭ ለብሰው አውቶቡሱ አመለጠዎት?"

"የእኔ በስልክ ነው" አሉ ቲቸር።

ያነሳችው ራሷ ሮዳስ ናት። ዲቦራ ሥራ ላይ ነች፤ ከወዲያኛው ክፍል የቴሌቪዥን ድምፅ ይሰማል። "አኮ!" አለች ልጅቷ። በኦሮምኛ አያቴ ማለቷ ነው፤ ከእኛ አገር ቃል የምታውቀው ይህቺኑ ነው። ከዚያ ፖላንድኛውን አወረደችው። ልጅቷ ትንፋሽ በወሰደች ቁጥር ቲቸር "ጎበዝ!" ይላሉ።

ድንገት ልጅቷ ቀጥ ብላ ቆመች። ሁለት ጣቷን አንስታ ዜማ የሚመስል ነገር ጀመረች። መሐላው ነው። ሦስተኛው መስመር ላይ ተንገዳገደች፣ ዘለለችው፣ ጨረሰች።

ቲቸር ጣታቸውን በአየር ላይ አዞሩ። "እንደገና።"

ልጅቷ አማርኛ አታውቅም፤ ጣቱ ግን ገባት። ደገመች። እዚያው ቦታ ላይ ተሰናከለች።

"አንድ ቃል ትውጣለች" አሉኝ።

"ቋንቋውን ሳያውቁ ቲቸር?"

"ሠላሳ አራት ዓመት፣ በአንድ ክፍል ስልሳ ልጅ ይዤ፣ የዋጠውን ካልዋጠው አልለይም? አንተ ራስህ ስንቱን ውጠሃል!"

አምስት ጊዜ አስደገሟት። በስድስተኛው ሳትሰናከል አለፈች። ቲቸር አጨበጨቡ። በሱቁ ውስጥ ሌላ የሚያጨበጭብ ስላልነበር እኔም ጨመርኩበት። ማታ ዲቦራ ደውላ፣ "እማዬ፣ ገና አስር ቀን ይቀረዋል እኮ" አለቻቸው።

ጥቅምት አራት፣ አምስት ሰዓት። አደዩ እያለቀ ስለነበር ቲቸር ያገኙት አራት ዘለላ ነው። ስክሪኑ ላይ አዳራሽ፣ የወረቀት ባንዲራ፣ ሻርፕ የጠመጠሙ አሮጊቶች ይታያሉ። ዲቦራ በሹክሹክታ፣ "እርሳሱ ትከሻዋን ሲነካ ስልኩን ወደ ልጆቹ አዞረዋለሁ። ያኔ ያዩሻል" አለች።

ሮዳስ ጀመረች። ሦስተኛው መስመር ሲደርስ የቲቸር ከንፈር ያለ ድምፅ ይንቀሳቀስ ነበር። ልጅቷ አለፈችው። ቲቸር ጉልበታቸውን መቱ። ርዕሰ መምህሯ እርሳሱን አነሳች።

ምስሉ ቆመ። እርሳሱ አየር ላይ፣ ሮዳስ ትከሻዋን ዝቅ አድርጋ።

"ምን ሆነ?"

"ኔትወርክ ነው ቲቸር።"

"በእነሱ በኩልስ? እኔ እታያለሁ?"

"ሊሆን ይችላል" አልኩ። ሊሆን አይችልም።

ነጠላቸውን አስተካከሉ። አበባውን ደረታቸው ላይ ያዙ፤ ፈገግ ብለው፣ ፎቶ እንደሚነሳ ሰው ቀጥ አሉ። ደጋግሜ ሞከርኩ፤ አይገባም። ቆይቶ ስክሪኑ ራሱ ጠቆረ። እሳቸው ግን አልተነቃነቁም።

ኦቦ ሂርጳ መታወቂያቸውን ኮፒ ሊያስደርጉ ገቡ። "አካም..."

"ኦቦ ሂርጳ፣ ከኋላዬ ዞር ይበሉ" አሉ ቲቸር፣ ፈገግታቸውን ሳይለቁ፣ በጥርሳቸው መሃል። "ልጆቹ እያዩኝ ነው።"

ኦቦ ሂርጳ የጠቆረውን ስልክ አዩ፤ እኔን አዩ። ከዚያ ባርኔጣቸውን አውልቀው ግድግዳውን ተጠግተው ቆሙ።