ቁልፍ መቀበያው መስኮት

የመንግሥት ቤቶቻችን ኪራይ ሳይጨመርባቸው ታድሰው፣ ጎረቤት ከጎረቤት የሚገናኝበት ሰፈር ሊሆኑ ነው ተባለና ከሕንፃው ጀርባ ባለው አዳራሽ ተሰበሰብን። አርክቴክቷ ከካርቶን የሠራችውን ሞዴል ጠረጴዛ ላይ አድርጋ መናፈሻውን፣ የጋራ ልብስ ማጠቢያውን በእርሳስ እየነካች አሳየችን። እኔ ግን ዓይኔ የሚፈልገው የእናቴን መስኮት ብቻ ነበር።

እናቴ ከወገቧ በታች አትንቀሳቀስም። አልጋዋ ከመተላለፊያው መስኮት ሥር ነው። ከየቤቱ የሚወጣ ጎረቤት ሁሉ ቁልፉን ለሷ ሰጥቶ ይሄዳል፤ ሲመለስም ወሬውን አውርቶላት ይቀበላል። ማን ከማን እንደተኳረፈ ከሷ የሚያመልጥ የለም። ቀኑን የምትገፋው በዚህ ነው። ለስብሰባውም ሲመጡ ቁልፋቸውን እሷ ጋ ጥለው ነው የመጡት።

ሞዴሉ ላይ በመስኮቱ ቦታ ድፍን ግድግዳ ቆሟል።

«ይሄ ምንድነው?» አልኩ።

«መተላለፊያው በወዲያ በኩል ይሆናል» አለች አርክቴክቷ። «ጎረቤቶችሽ ናቸው የጠየቁት። እናትሽ ከጫጫታ እንዲያርፉ ብለው።»

«ለእማማ ስንል ነው እህቴ» አለ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ፈገግ ብሎ። «እንቅልፍ ነሳናቸው እኮ!»

ምስጋና ነበር የሚጠብቀው። በክፋት ቢሆን ይቀለኝ ነበር፤ ደግ ሰው በምን አፍ ይሰደባል?

«በሉ፣ እጅ እናውጣና እንጨርስ» አለ ሰብሳቢው።

ሮጬ ወደ ቤት ሄድኩ። እናቴ አሸልቧታል። የሰውን ቁልፍ የምታጠራቅምበትን ቆርቆሮ ከጎኗ አንስቼ ተመለስኩና ሞዴሉ ላይ ዘረገፍኩት። የካርቶን ዛፎቹ ተጋደሙ።

«የየራሳችሁን ውሰዱ! ከእንግዲህ ትረፍ! ግድግዳ እያየች፣ ማንም ሳያናግራት፣ እስክትሞት ትረፍ!»

ከዚያ ልብስ ሰፊው ተነሳ፤ የራሱን ቁልፍ ለይቶ አነሳና ወጣ። ሌሎቹም የየራሳቸውን ሊወስዱ ነው ብዬ ደነገጥኩና የቀሩትን ቁልፎች እየሰበሰብኩ ተከተልኩት።

መስኮቱ ጋ ደረስኩበት። እናቴ ነቅታ አንሶላዋን ትዳብሳለች፤ ፊቷ አመድ መስሏል።

«አንተ፣ ሁሉም ሳይነግሩኝ ቁልፋቸውን ወሰዱ እንዴ? ምን አጠፋሁ?»

ልብስ ሰፊው የሚሄድበት አልነበረውም፤ ግን እጁን በመስኮቱ አስገባ።

«ልወጣ ነው እማማ። ቁልፌን ያዙልኝ።»

ከኋላችን፣ ተከትላን የመጣችው አርክቴክቷ መስኮቱን ሞዴሉ ላይ ልትመልሰው ሜትሯን እየዘረጋች ነበር።